ስንት ቆርቆሮ ነው?

ጊምቢቹ ላይ በክረምት እሑድ ሰባኪን ዝም የሚያሰኘው ዝናብ ነው። ኮርኒስ ባልተመታለት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዶፉ ሲወርድ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ምእመን የጎረቤቱን ቃል እንኳ አይለይም። ሰባኪው ለጥቂት ደቂቃ ይታገላል፤ ጮክ ይላል፤ ጥቅሱን ደግሞ ያነባል። በመጨረሻ ጣቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ መካከል እንዳደረገ ይዘጋውና ወደ መዘምራኑ ዞር ይላል። ከበሮው ይነሣል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ መዝሙር ነው። በሐዲያና በከምባታ ገጠር ያደገ ሰው ይህን የአምልኮው አንድ ክፍል አድርጎ ቆጥሮት ይኖራል። ነገሩ ግን የሕንጻ ጉዳይ ነው። ያ ጣሪያ ከየት መጣ? ከሥሩ ያለው አዳራሽስ እንደ አካባቢው ጎጆ ክብ መሆኑ ቀርቶ ለምን ባለ አራት ማዕዘን ሆነ? ይህን የጠየቀ ሰው የአገሩን የመቶ ዓመት ታሪክ ግማሹን እዚያው ጣሪያ ሥር ያገኘዋል።

ጊምቢቹ በሐዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሆሳዕና በስተ ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ወረዳው ከእንሰቱ ደጋ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል እስከ ኦሞ ወንዝ ቆላ ይወርዳል። ከሆሳዕና ወደዚያ የሚጓዝ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፍባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፦ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ክብ ጎጆ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ በየጥቂቱ ርቀት ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ያለ አንድ ጣሪያ። ረጅሙ ጣሪያ ጸሎት ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሐዲያ ዞን ነዋሪ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ሙስሊሙ 11 በመቶ፣ ኦርቶዶክሱ ከ8 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ካቶሊኩ ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ነበር። ቁጥሩን ወደ እግር መንገድ ቢመልሱት፣ አንዲት አሮጊት በዱላዋ ተደግፋ በማትደክምበት ርቀት ሁሉ አንድ ጸሎት ቤት አለ ማለት ነው።

እዚህ አገር አንድ አጥቢያ ሊሠራ ነው ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ቆርቆሮ ነው?" የሚል ነው። ካሬ ሜትር የማዘጋጃ ቤት ወሬ ነው። መኖሪያ ቤትም ቢሆን የሃምሳ ቆርቆሮ፣ የሰባ ቆርቆሮ ይባላል፤ የሰውየው አቅም፣ የቤቱ ስፋት፣ የልጁ የሠርግ ድግስ ሳይቀር በዚያ ይገመታል። ለጸሎት ቤት ሒሳቡ እንዲህ ነው። ወርዱ 10 ሜትር ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ አዳራሽ፣ የጣሪያው ዘቅዛቃነትና በየጎኑ የሚወጣው ክፈፍ ሲታሰብ፣ 245 ካሬ ሜትር ያህል ክዳን ይፈልጋል። ባለ 2 ሜትሩ ቆርቆሮ በመደራረቡ ምክንያት ከ1.4 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ስለሚሸፍን ከ170 እስከ 180 ቆርቆሮ ይገባል። ከዚያ የጌጁ ክርክር ይከተላል። ባለ 35 ጌጁ ስስና ርካሽ ነው፤ ባለ 28ቱ ወፍራምና ውድ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይሳሳልና ነገሩን የማያውቅ ሰው ተታሎ ሊገዛ ይችላል። ሽማግሌዎች በዚህ ላይ የሚያድሩት ሌሊት የሃይማኖት ክርክር ከሚያድርበት አያንስም። በስሱ ብረት የተከደነው ቤት ደግሞ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ርካሹን የመረጡትን ሽማግሌዎች ያሳጣቸዋል።

ይህ ብረት ዕድሜው ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 ስስ የብረት ዝርግን በማሸብሸብ ብቻ ጠንካራ የሚያደርግ ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ጠፍጣፋ ወረቀት በሁለት ወንበሮች መካከል ቢዘረጋ ይጎብጣል፤ ያንኑ ወረቀት እንደ ማራገቢያ ቢያጥፉት ግን ብርጭቆ ይሸከማል። ፓልመር ያየው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1837፣ ቪክቶሪያ ዙፋን በወጣችበት ዓመት፣ ብረቱን በዚንክ ነክሮ ከዝገት የመከላከሉ ዘዴ ተመዘገበ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ዛሬ ጊምቢቹ ላይ የሚንጫጫው ጣሪያ ተወለደ።

እንግሊዞቹ በዚያው ዘመን በቤተ ክርስቲያን ግንባታ ተጠምደው ነበር። ከተሞቻቸው በፋብሪካ ሠራተኛ ሲሞሉ አሮጌዎቹ አጥቢያዎች አልበቃ አሉ። አውግስጦስ ፒዩጂን የተባለው ሥነ ሕንጻ አዋቂ ክርስቲያናዊ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ባለ ሹል ቅስት ጎቲክ ብቻ ነው ብሎ ተነሣ፤ እርሱና ተከታዮቹ አገሪቱን በድንጋይና በባለ ቀለም መስታወት ሞሏት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1851 መንግሥት በአንድ እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ የተገኘውን ሰውና የተዘጋጀውን መቀመጫ አስቆጠረ። የእነሱም መለኪያ እንግዲህ ካሬ ሜትር አልነበረም፤ መቀመጫ ነው። ለዚያውም ብዙው መቀመጫ ኪራይ የሚከፈልበት ነበር። ባለጠጋው ፊት ለፊት በር ባለው አግዳሚ ይቀመጣል፤ ድሃው ከኋላ ወይም ከጎን የተረፈውን ያገኛል።

ለድንጋዩ ገንዘብ ያልነበረው ደብር ወይም ገና የተቆረቆረ የማዕድን ሠፈር ግን ከፋብሪካ ዝርዝር መርጦ በቆርቆሮ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ያዝዝ ነበር። የሊቨርፑሉ ፍራንሲስ ሞርተንና የኖርዊቹ ቦልተን ኤንድ ፖል የመሳሰሉ ድርጅቶች ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ትንሿን የደወል ማማ ሳይቀር ፈትተው በባቡር ወይም በመርከብ ይልኩታል፤ ተቀባዩ በሳምንታት ውስጥ ገጣጥሞ ያቆመዋል። የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ራሱ ባልሞራል ለሚገኘው ቤተ መንግሥቱ የቆርቆሮ የጭፈራ አዳራሽ አዝዟል። የጎቲክ ወዳጆች ይህን ሲያዩ ያማቸው ነበር። ዊልያም ሞሪስ ቆርቆሮን እንደ ወረርሽኝ ይቆጥረው ነበር፤ እነዚያው የጎቲክ ወዳጆች ግን ነገሩ ሲገፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1856፣ ብረትን በጎቲክ መልክ የሚያቆም የቤተ ክርስቲያን ንድፍ ለማውጣት ተገደዱ። የድሃ ሰው ጣሪያ ሊቃውንቱን ማሸነፍ የጀመረው ጊምቢቹ ላይ አይደለም።

ከጸሎት ቤቶቹ ቀድሞ ወደ ሐዲያ የገባው ቤተ ክርስቲያን ግን ከቆርቆሮም ከእንግሊዝም ጋር የሚገናኝ ነገር አልነበረውም። ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የደረሰው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደብር ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ፣ በዛፍ የተከበበ፣ ክብ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ ስሟን ከሆሳዕና በዓል ያገኘችውም በዚያው ሰሞን ነው። የክቡ ደብር አሠራር በቀለበት ውስጥ ቀለበት ነው፦ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመካከል መቅደስ። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚፈቀድለት ሰው ያንሳል፤ ታቦቱ ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። ሕንጻው የተሠራው ምሥጢርን ለመጠበቅ ነው። የጎቲክ አቀንቃኞቹ እንግሊዞችም የሚመኙት መቅደሱ በመለያ የተጋረደ፣ ካህኑ ለብቻው የሚቆምበትን ቤት ስለነበር፣ ከመካከላቸው አንዱ በተአምር እዚህ ቢደርስ ቤቱ ያገኘ የሚመስለው ከክቡ ደብር ውስጥ ነበር። የጊምቢቹ ጸሎት ቤት ቅድመ አያት ደግሞ እነዚያ የናቁት ነው፤ የሜቶዲስቱና የባፕቲስቱ አዳራሽ። የባፕቲስቱ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጅን እ.ኤ.አ. በ1861 ለንደን ላይ 6,000 ሰው ያህል የሚይዝ አዳራሽ ሲከፍት ጎቲክን ትቶ የግሪክ አምዶችን መረጠ፤ ምክንያቱ አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክኛ ነው የሚል ነበር። ቀልድም ይመስላል፤ ሰውየው ግን የምሩን ነበር። አዳራሹ የተሰላው ለጆሮ ነው፦ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይሰማዋል።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን አዲስ አበባ ደረሰ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1893 በቪክቶሪያ ዘመን የተጀመረ፣ ስሙን ከሰሃራ በታች ካለው ምድር የድሮ መጠሪያ የወሰደ ነው። ሐሳባቸው ጅማ ነበር። በቅሎ ጭነው ወደ ደቡብ የወጡት ሰዎች ጅማ ሳይደርሱ ሆሳዕና፣ ሶዶና ሲዳሞ ላይ ተከሉ፤ ሆሳዕና ላይ ከቆዩት አንዱ ክላረንስ ደፍ በኋላ የእነዚያን ዓመታት ታሪክ በመጽሐፍ ጽፏል። ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳትም ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ ከምባታና ሐዲያ ገብተዋል። የእነሱ ሥራ ዘግይቶ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ራሱን የቻለ የሆሳዕና ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሆነ።

ሚስዮናውያኑ ሆሳዕና ላይ ለራሳቸው መኖሪያና ለሕክምናው ቤት ሠርተዋል። ለምእመኑ ግን ጸሎት ቤት አልሠሩም። ይህ ድህነት ወይም ንፉግነት እንዳይመስል፤ ሆን ተብሎ የተያዘ መመሪያ ነበር። አማኙ ቤቱን በራሱ ይሥራ፣ አገልጋዩን በራሱ ይመግብ፣ ራሱን በራሱ ያስተዳድር የሚለው ሐሳብ በዚያ ዘመን በሚስዮናውያን ዘንድ ይዘዋወር ነበር። ስለዚህ ሐሳብ ከጻፉት አንዱ ሮላንድ አለን የተባለ የአንግሊካን ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ብሪስቶል የተወለደ የቪክቶሪያ ዘመን ሰው። ቻይና አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ በእንግሊዝ ገጠር፣ ቻልፎንት ሴንት ፒተር በተባለ ቦታ፣ የአንድ አጥቢያ ኃላፊ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የማይደርስ ሰው ልጁን ለወጉ ብቻ ሲያስጠምቅ ማየት ስለከበደው ግን እ.ኤ.አ. በ1907 አጥቢያውን ለቆ ወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ያሳተመው መጽሐፍ የሚስዮናውያኑን አሠራር ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር እያነጻጸረ፣ ጳውሎስ ለማንም ሕንጻ ሠርቶ አልሰጠም እያለ ይሞግታል። በመቶዎች ዓመታት የተገነባውን የእንግሊዝ አጥቢያ ጥሎ የወጣው ሰው የጻፈው ዓይነት ነገር ሐዲያ ላይ ሣርና ጭቃ ሆኖ ቆመ።

የመጀመሪያዎቹ ጸሎት ቤቶች በመልክም በአሠራርም የአገሩ ጎጆ ነበሩ፣ ሰፋ ያለ ጎጆ። ግድግዳው በማገር የታሰረ እንጨት፣ ምርጊቱ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ወለሉ እበት የተለቀለቀ፣ መቀመጫው የጭቃ መደብ ወይም ግንድ፣ ክዳኑ ሣር። ደቦ ጠርቶ ቤት ማቆም ለሐዲያም ለከምባታም አዲስ ነገር አይደለም፤ ባሏ የሞተባትም ሴት፣ ጎጆ ወጪም ጎረምሳ ቤት የሚቆምለት እንደዚያ ነው። ማንም ንድፍ አላወጣም፤ አናጢው የሚያውቀውን ሠራ። ይሁንና ክቡ ቤት ለአዲሱ ሥራ አልተመቸም። የጎጆው ልብ መካከል ላይ የሚቆመው ምሰሶ ነው፤ ሰባኪው ከምሰሶው ወዲህ ቢቆም ከወዲያ ያለው አያየውም። ጎጆው ሰፋ በተደረገ ቁጥር ጣሪያው ሽቅብ ይወጣል፣ ሣሩ ይበዛል፣ ክብደቱን የሚችል ምሰሶ መጨመር ግድ ይሆናል። በምሰሶ ጫካ ውስጥ ደግሞ ስብከት አይታይም። ሕዝቡ ለትልቅ ጉባኤ ሜዳ ላይ ዳስ የሚጥለው ለዚህም ነው።

ጣሊያን መጣ። በ1929 ዓ.ም. የሚሽኑ ሰዎች ከአገር ሲወጡ ትተውት የሄዱት ማኅበር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በጎረቤት ወላይታ የተጠመቁት 48 ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ወላይታ ላይ ጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል፣ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በወላይታ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ አገኙ፤ ሐዲያና ከምባታም በዚያው ማዕበል ውስጥ ነበሩ። ሕንጻ ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የድንጋይ ደብር ቢሆን ኖሮ መፍረሱ አንድ ትውልድ ያከስር ነበር። ሣርና ጭቃው ግን ዛሬ ቢቃጠል በሚቀጥለው ሳምንት ከኮረብታው ማዶ ይቆማል። ርካሹ ቤት ከአሳዳጁ ፈጠነ።

አንድ ነገር ግን ጣሊያን ትቶ ሄደ፤ የግንበኛ ቋንቋ። ጸሎት ቤት የሚሠራ የጊምቢቹ አናጢ ዛሬ "ሞራሌ" ብሎ እንጨቱን፣ "ፌሮ" ብሎ ብረቱን፣ "አርማታ" ብሎ ኮንክሪቱን፣ "ኮርኒስ" ብሎ የውስጡን ጣሪያ ይጠራል። ጸሎት ቤት ያፈረሰው ኃይል ቋንቋ በእያንዳንዱ አዲስ ጸሎት ቤት ግንባታ ላይ ሲጮኽ ይውላል፤ የሚሰማውም ሰው ቃሉን ከቅም አያቱ የወረሰው ይመስለዋል።

በ1936 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሚስዮኖች የሚሠሩበትን ደንብ አወጡ። አገሩ ለሚስዮን ክፍት በሆነና በተዘጋ ክልል ተከፈለ፤ ማስተማሪያውም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ደንብ ወደ ሕንጻው ሳይቀር ገብቷል። በብዙ ቦታ ሰባኪው በአማርኛ ሲናገር አስተርጓሚው በሐዲይኛ ይቀጥላልና መድረኩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያቆም መሆን ነበረበት፤ ስብከቱም እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ መደገፊያ የሌለው የጭቃ መደብ ወገብ ይፈትናል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው፣ ልጆች ከፊት መሬት ላይ። መካከሉ መተላለፊያ ነው። ከውጭ አንድ የመኪና ቸርኬ በሽቦ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል፤ ደወሉ እሱ ነው፣ ትምህርት ቤት ካለም ለሁለቱ ያገለግላል።

ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ነው የገባው። አዲስ አበባ ቀድማ አውቃዋለች፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ከጂቡቲ ከተማዋ ሲደርስ ደግሞ ጭነቱ ቀለለ። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነበር። የገጠሩ ሰው ቆርቆሮ መጀመሪያ ያየው የመንግሥት ቢሮ፣ የነጋዴ ሱቅ፣ የሚስዮን ክሊኒክ ላይ ስለሆነ በዓይኑ የሹምና የሐኪም ጣሪያ ሆኖ ቀረ። ምእመኑ ለጸሎት ቤቱ ሲመኘው የእግዚአብሔር ቤት ከሹሙ ቤት ያንሳል ወይ የሚል ቁጭት ነበረበት። ተግባራዊው ምክንያትም ቀላል አይደለም። ሣሩ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፤ እርሻ ግጦሹን እየበላ ሲሄድ ደግሞ የክዳን ሣር ራሱ ጠፋ። በሌላ በኩል ባሕር ዛፉ በየአጥሩ ጥግ ደርሷል፤ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ በጥቂት ዓመት የሚቆረጥ።

እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ የሕንጻው ቅርጽ ተለወጠ። የብረት ዝርግ ክብ አይሆንም። ሣር እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ወደ ጉልላት ይሰበሰባል፤ ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ ጠርዝና ማዕዘን ይፈልጋል፤ ክብ ላይ ቢመቱት ግማሹ ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ ገንዘቡን አንድ በአንድ የሰበሰበ ምእመን ቁራጭ የማይተርፍበትን ረጅም አራት ማዕዘን መረጠ። ጣሪያውን የሚሸከም የባሕር ዛፍ ካፕሪያታ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዘረጋ የመካከሉ ምሰሶ ቀረ። ሰባኪው ታየ! ሊቃውንት ይህን የአምልኮ ሥርዓት ለውጥ ብለው ሊተነትኑት ይችላሉ፤ አናጢው ቢጠየቅ ግን ቆርቆሮ እንዳይባክን ነው ይላል፤ የአናጢው መልስ የተሻለ ይመስላል።

ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። አሥራትና መባ አለ። ከዚያ በላይ ግን ለሕንጻ ተብሎ የሚመጣው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ በግ፣ አንድ ቁና ስንዴ፣ ቆላ ያለው ቡና። ከአምልኮ በኋላ ደጁ ላይ ጨረታ ይወጣል። አንዲት ዶሮ ሦስት ጊዜ ተሸጣ ሦስት ጊዜ ለጸሎት ቤቱ ትመለሳለች፤ ገዢው "መልሼ ሰጥቻለሁ" ይላል፣ እልልታ ይሆናል፣ ጨረታው እንደገና ይጀመራል። የቪክቶሪያ ዘመኑ እንግሊዝ በመቀመጫ ኪራይ የሰበሰበውን ይህ አገር በዶሮ ሰበሰበ። ልዩነቱ ዶሮዋን የሰጠችው ሴት ከዚያ በኋላ የት እንደምትቀመጥ የሚወስንባት አለመኖሩ ነው።

ማኅበሮቹም እየተደራጁ ሄዱ። ከሚሽኑ ሥራ የወጡት አጥቢያዎች በ1960ዎቹ ቃለ ሕይወት በሚል ስም ታወቁ። በከምባታና በሐዲያ ከነሱ ተለይቶ የነበረ ወገን ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ከተመሠረተችው ከመካነ ኢየሱስ ጋር በ1961 ዓ.ም. ተዋሐደ። በቅርጽ ሁለቱን መለየት ለመንገደኛ ይከብዳል፤ ስሙ በበሩ ላይ ካልተጻፈ ጣሪያው ያው ጣሪያ ነው። ለአንድ መንደር ሁለት ረጅም ጣሪያ፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ያኔ ተጀመረ። ሙሉ ወንጌልና ሌሎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩን ቆርቆሮ ሻጩ ብቻ የሚያውቀው ሆነ።

ደርግ መጣና በሮቹ ታሸጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። በደቡብ ብዙ አጥቢያ ተዘጋ፤ የቀበሌ አዳራሽ ወይም መጋዘን የሆነም ነበር። አራት ማዕዘኑ አዳራሽ ያለ ምሰሶ፣ ፊት ለፊት መድረክ ያለው ስለሆነ ለፖለቲካ ስብሰባ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ተመቸ። አምልኮው ደግሞ በሌሊት ወደ ተነሣበት ተመለሰ፤ ወደ ክቡ ጎጆ፣ ወደ ምሰሶው፣ ድምፅ የሚያፍን ሣር ክዳን ሥር። ቆርቆሮ የማይችለውን አንድ ነገር ሣር ይችላል፤ መዝሙርን ከጎረቤት ጆሮ መደበቅ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነው በዓይን የሚታይ ነው። ቁልፎቹ ተመለሱ፣ ሰዉ ሞላ፣ አዳራሹ ጠበበ። እዚህ ላይ የአገሩ አጥቢያ ከእንግሊዙ ይለያል። የእንግሊዙ በሕግ የተከለለ መሬት ነው፤ ወሰኑን ፈረስ ላይ ሆኖ መዞር ይቻላል። የሐዲያው የሚለካው በእግርና በመቀመጫ ነው። መንገዱ ሲርቅ ወይም አግዳሚው ሲሞላ ጥቂት ቤተሰቦች በአንዱ ግቢ መጸለይ ይጀምራሉ፤ ቀድሞ የጸሎት ጣቢያ ይባላል፣ ሽማግሌ ሲሾምለትና አሥራቱ አገልጋይ ማስተዳደር ሲችል አጥቢያ ይሆናል። እናት አጥቢያ ልጇን ስትወልድ የሚጎድልባት ሰው ነው፤ ስለዚህ ምጡ ላይ መኳረፍም አይጠፋም።

ሕንጻው ውስጥ ደግሞ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ገቡ። ቋሚው የእንጨት አትሮኖስ ለተንቀሳቃሽ የመስታወት አትሮኖስ ቦታ ለቀቀ፤ መድረኩ ለመዘምራኑ ሰፋ። መብራት ካለ ዝናቡ ላይ ድምፅ ማጉያው ያሸንፋል፤ መብራቱ ከጠፋ ዝናቡ ርስቱን ያስመልሳል። በዚያው ሰሞን የሐዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደድ ያዘ፤ የላከው ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅ፣ ገጠሩ ላይ ብሎኬት ሆነ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትና ሆሳዕና ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ስትሆን ከተማዋ ውስጥ ያለ አጥቢያ በጭቃ ቤት መቆየት ያሳፍረው ጀመር። አሁን የሚሠሩት ጸሎት ቤቶች በአርማታ ዓምድ የቆሙ፣ በረንዳ ያላቸው፣ ፊታቸው በመስታወት የተሸፈነ፣ አንዳንዶቹም ከግራና ከቀኝ ማማ የሚመስል ነገር የተደረገላቸው ናቸው። መስኮታቸው ላይ ሹል ቅስት ያለበት ሲገኝ የፒዩጂን መንፈስ በየት ዞሮ ደረሰ ያሰኛል። ከውበት አንጻር ሁሉም ያማረ ነው ለማለት አይቻልም፤ አንዳንዱ ከባንክ ቅርንጫፍ የሚለየው በመስቀሉ ብቻ ነው። ጭቃ ቤቱ በክረምት ይሞቅ ነበር፤ አርማታው ያንቀጠቅጣል።

ሲሚንቶ በጠፋባቸውና ዋጋው ሰማይ በነካባቸው ዓመታት ብዙዎቹ ግንባታዎች ፌሯቸው ወደ ላይ እንደቆመ ቆይተዋል። ምእመኑ ያለ መጠለያ እንዳይቀር ዘዴ አለ፤ አዲሱ ዓምድ በአሮጌው ቆርቆሮ ቤት ዙሪያ ይተከላል። እሑድ እሑድ በአሮጌው ውስጥ ይዘመራል፣ በሥራ ቀን በውጭ ይገነባል፤ ትንሹ ቤት በትልቁ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። አዲሱ ጣሪያ ሲዘጋ ትንሹ ከውስጥ ይፈርስና በመስኮትና በበር ተለቃቅሞ ይወጣል።

ከወጣው ሁሉ የሚጣል የለም። ማገሩ ማገዶ ይሆናል፣ ሞራሌው ይመረጣል። ቆርቆሮው ምስማሩ ተነቅሎለት ይቆጠርና ደህናው ከዛገው ይለያል። የዛገው ለአጥርና ለሽንት ቤት ነው። ደህናው ብዙ ጊዜ ገና ጣሪያ ለሌላት ልጅ አጥቢያ ይሰጣል፤ ጎረምሶች አራት አምስቱን በአንድ ላይ ጠቅልለው፣ በትከሻ ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን ወደ ቆላው ይወርዳሉ። እዚያ አዲስ ካፕሪያታ ላይ ሲመታ የድሮው የምስማር ቀዳዳ ከአዲሱ እንጨት ጋር አይገጥምም። አናጢው አዲስ ቀዳዳ ይበሳና አሮጌዎቹን በሬንጅ ይደፍናቸዋል፤ አንድ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ ያመልጡታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሴቶቹ ጠብታው የሚወርድበትን አይተው አግዳሚውን ትንሽ ወደ ጎን ይገፉና መዝሙሩን ይቀጥላሉ።